ሊማሊሞን የሚወርደው ቦቴ ቢገለበጥ ካሳው የማን ነው?

ደባርቅ ላይ በሚሸጠው የአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ ውስጥ ብዙ ሒሳብ አለ። የዓለም ገበያው ዋጋ፣ የጅቡቲ ወደብ ወጪ፣ ታክሱ፣ የነዳጅ ኩባንያውና የማደያው ትርፍ፣ መንግሥት የሚተምነው የማጓጓዣ ታሪፍ ተደማምረው ነው ማደያው ላይ የሚለጠፉት። ዋጋው ከከተማ ከተማ የሚለያየውም በማጓጓዣው ምክንያት ነው፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ሳንቲሙ ይጨምራል። ከጎንደር ተነስቶ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ ደባርቅ እስኪገባ ድረስ ይህ አሠራር ያስኬዳል እንበል። ከደባርቅ ወዲያ ግን ታሪፉ የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ሌላ፣ ባለንብረቱ የሚሸከመው አደጋ ሌላ ነው።

ከደባርቅ ጥቂት አለፍ እንዳሉ ወልከፊት ላይ ደጋው ያበቃል። ሊማሊሞ የሚጀምረው እዚህ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከገደሉ ጎን ፈልፍሎ ያወጣው ይህ መንገድ በጥምዝምዝ ኩርባ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ያደርሳል። የጣሊያን ጦር ወልከፊትን ይዞ እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ቦታው ለአጥቂ ስለማይመች ነበር። ለምሽግ የሚመች ቦታ ደግሞ ለከባድ መኪና አይመችም፤ ይልቁንም 40 ሺህ ሊትር ቤንዚን ለጫነ ባለ ተሳቢ ቦቴ።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ ቦቴ ቢገለበጥ የሚከፍለው ማን ነው? የሚከፈለውስ ምን ያህል ነው? ከባለንብረቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መልስ «ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ነው። «ሙሉ» የሚለው ቃል ግን በኢንሹራንስ ገበያ እንደ ስሙ ሙሉ አይደለም። ሙሉ የሚባለው ፖሊሲ በዋናነት የሚጠብቀው መኪናውን ነው። በመኪናው ሆድ ውስጥ ያለው ነዳጅ ሌላ ውል ይፈልጋል። መንገድ ዳር የቆመው ሰው፣ ቤቱ፣ ከብቱና የሚጠጣው ወንዝ ደግሞ ሦስተኛ ሒሳብ ናቸው። ኪሣራው የሚከብደው በዚህ በሦስተኛው በኩል ሆኖ ሳለ ዋስትናው የሚሳሳውም እዚያው ላይ ነው።

ከመኪናው እንጀምር። ቦቴ ብዙውን ጊዜ የሚገዛው በባንክ ብድር ነው። ባንኩ መኪናውን በመያዣነት ስለሚይዝ ሙሉ ሽፋን እንዲገባለት ያስገድዳል፤ ካሳ ቢከፈል ቀድሞ የሚቀበለውም እርሱ ነው። ስለዚህ በዚህ በኩል ዋስትና የሌለው ቦቴ ማግኘት ይከብዳል። ችግሩ የተገባበት ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ መኪና፣ ጎማና መለዋወጫ ዋጋውም አብሮ ወጣ። በፖሊሲው ላይ የተጻፈው የመኪና ዋጋ ግን ባለንብረቱ ሄዶ ካላስተካከለው በቀር በራሱ አይወጣም። ዓረቦን እንዳይጨምርበት ሲል ዝም ያለም አይጠፋ።

ይህ ዝምታ በካሳ ጊዜ ዋጋ ያስከፍላል። ለምሳሌ የገበያ ዋጋው 8 ሚሊዮን ብር የሆነ ቦቴ በ4 ሚሊዮን ብር ቢመደን፣ አደጋ ደርሶ የ2 ሚሊዮን ብር ጥገና ቢያስፈልገው፣ ባለቤቱ 2 ሚሊዮኑን በሙሉ አገኛለሁ ብሎ ይጠብቃል። ኩባንያው የሚያሰላው በሌላ መንገድ ነው። መኪናውን ግማሽ ብቻ አስመድነኻልና ከኪሣራውም ግማሹን ነው የምከፍልህ ይላል፤ 1 ሚሊዮን ብር። ከዚያም ላይ በውሉ የተጻፈው ተቀናሽ ይነሳል። የተረፈው ከባለንብረቱ ኪስ ነው። የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ ደግሞ መኪናው ጋራዥ ገባ ብሎ አይጠብቅም።

ጭነቱ ላይ ስንመጣ የንግድ ሕጉ መሠረት ግልጽ ነው። አጓጓዥ ዕቃውን ከተረከበበት ሰዓት አንስቶ እስኪያስረክብ ድረስ ለጠፋውና ለተበላሸው ተጠያቂ ነው። ከዚህ የሚያድነው ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት፣ የላኪው ጥፋት ወይም የዕቃው የራሱ ጠባይ ነው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የቤንዚን ዋጋ በሊትር 100 ብር ካለፈ ወዲህ 40 ሺህ ሊትር የጫነ ቦቴ በትንሹ 4 ሚሊዮን ብር የሰው ገንዘብ ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። ለዚህ የጉዞ ላይ ዕቃ መድን የሚባል ራሱን የቻለ ውል አለ። ይህ ውል መገልበጥን፣ ግጭትንና እሳትን ይሸፍናል፤ የሹፌርን ወይም የረዳትን ስርቆት ግን በተለየ ካልተጻፈ በስተቀር አይሸፍንም። በየመንገዱ በጀሪካን የሚቀዳው ነዳጅ በኢንሹራንስ አይመለስም።

የዕቃው የራሱ ጠባይ የሚለው ነገር ለነዳጅ ነጋዴ ልዩ ትርጉም አለው። በዳባትና በደባርቅ ማደያዎች ላይ የርክክብ ጭቅጭቅ ሲነሳ ከጀርባው ያለው ብዙ ጊዜ የፊዚክስ ነገር ነው። ቤንዚን ሲሞቅ ይነፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ልኩ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሺህ አንድ እጅ ግድም ነው። ጅቡቲ ላይ በ38 ዲግሪ ሙቀት የተጫነ 40 ሺህ ሊትር ቤንዚን አፋርን አቋርጦ፣ በወልዲያና በደብረ ታቦር ዞሮ፣ ደጋ ላይ አድሮ ደባርቅ ሲደርስ 13 ዲግሪ ቢሆን በመለኪያ ዘንጉ ላይ 950 ሊትር ያህል ጎድሎ ይታያል። ማንም ጠብታ አልሰረቀም፤ ክብደቱም ያው ነው። ሁለቱም ወገኖች በአንድ መደበኛ ሙቀት አስልተው ካልተረካከቡ ግን 950 ሊትሩ በሹፌሩ ላይ ይጻፋል፤ በዛሬ ዋጋ ከ95 ሺህ ብር በላይ ነው። ኢንሹራንስም ይህን አይከፍልም፤ አደጋ አይደለምና። መፍትሔው ቴርሞሜትርና የማስሊያ ሠንጠረዥ ነው፤ ከአንድ ጎማ ዋጋ በብዙ የሚያንስ ወጪ።

በአየሩ መሳሳት ምክንያትም እንዲሁ ትንሽ ይጠፋል። 2 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ግድም ብቻ ስለሆነ ክዳኑ በደንብ ያልገጠመ ቦቴ ሙቀቱ እኩል ቢሆን ከቆላው ይልቅ ደጋው ላይ ይተናል። ይህ እንፋሎት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ በትኖ አይጠፋም፤ መሬት ለመሬት ተስቦ ቦይና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። እሳት የሚለኩሰው ከቦቴው ርቆ የተጣለ ሲጋራ ወይም የጉሊት ከሰል ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ወገን

የጎንደር መንገድ ዳባትንም ደባርቅንም መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ሱቁ፣ ሻይ ቤቱ፣ አህያውና ተማሪው እዚያው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ናቸው፤ በገበያ ቀንማ ቦቴውና ገበያተኛው ትከሻ ለትከሻ ይተሻሻሉ። ሕጉ በዚህ በኩል ለባለንብረት ርኅራኄ የለውም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ቁጥር 2069 ደግሞ የሚፈነዳ ወይም የሚመርዝ ነገር ይዞ ሌላውን ለተለየ አደጋ ያጋለጠ ሰው እንዲሁ ይከፍላል ይላል። «መኪናው ፍሬን እምቢ አለው» ወይም «ሌላ መኪና ገፋኝ» ማለት ከኃላፊነት አያወጣም። የሚያድነው ጉዳቱ በተጎጂው በራሱ ጥፋት መድረሱን ማስረዳት ነው።

በዚህ ኃላፊነት ፊት የቆመው የግዴታ መድን ምን ያህል ነው? የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን በአገራችን ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ነው። እርሱን የተካው የ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 799 ለአንድ ሰው ሞት ከ5 ሺህ ብር የማያንስ፣ ከ40 ሺህ ብር የማይበልጥ፣ ለንብረት ደግሞ እስከ 100 ሺህ ብር ጣሪያ አደረገ። ጣሪያው ከዚያ ወዲህ ከፍ እንዲል ቢደረግም ከቦቴ እሳት ጋር ሲተያይ አሁንም ዝቅተኛ ነው። የሕጉ ጣሪያ የኩባንያውን ክፍያ ነው የሚወስነው፤ የባለንብረቱን ዕዳ አይወስንም። ፍርድ ቤት ከዚያ በላይ ቢፈርድ ልዩነቱ የሚፈለገው ከባለንብረቱ ቤትና ከሌላው መኪናው ነው። ጅቡቲ ድረስ የሚያገለግለው የኮሜሳ ቢጫ ካርድም ቢሆን የዚያን አገር የሦስተኛ ወገን ግዴታ የሚያሟላ እንጂ ጭነቱንም መኪናውንም የሚነካ አይደለም።

የዓለም ታሪክ በዚህ በኩል አሰቃቂ ነው። ሰኔ 2009 ዓ.ም. በፓኪስታን ባሃዋልፑር አጠገብ የተገለበጠ ቦቴ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ። ነሐሴ 2011 ዓ.ም. በታንዛኒያ ሞሮጎሮ እንዲሁ፤ ጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሴራሊዮን ፍሪታውን፤ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሰሜን ናይጄሪያ ጂጋዋ ግዛት ማጂያ በተባለች ከተማ። ፍሪታውን ላይ ነገሩ የጀመረው በግጭት ነው፤ ሌሎቹ መገልበጥ ናቸው። በሁሉም ቦታ ግን ብዙውን ሰው የገደለው መጀመሪያ የደረሰው አደጋ አይደለም። የፈሰሰውን ነዳጅ ለመቅዳት ጀሪካንና ባልዲ ይዞ የወጣው ሕዝብ ነው እሳቱ መካከል የተገኘው።

ይህ ሊማሊሞ ላይ ቢደርስ፣ ጀሪካን ይዞ የመጣው ሰው በራሱ ጥፋት ነው የሞተው ወይስ ቦቴው ነው የገደለው? ኩባንያው የመጀመሪያውን ይላል፤ ቤተሰቡ ሁለተኛውን። በአካባቢው ነዳጅ ሲጠፋ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅ ሰው ወጣቶቹ ለምን እንደሚሮጡ አይጠይቅም። ክርክሩ ዓመታት ይፈጃል፤ በዚያ ዓመታት ውስጥ ባለንብረቱ በጠበቃ፣ ልጆቹም በዘመድ ቤት ናቸው። ስለዚህ የሚሻለው ከአደጋው በኋላ በሚደረገው ክርክር ላይ ከመተማመን ረዳቱን ማሠልጠን ነው፦ ሞተር ማጥፋት፣ ባትሪ መንቀል፣ ሰውን ነፋስ ከሚነፍስበት በኩል አድርጎ ማራቅ፣ ለፖሊስ መደወል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ተጨማሪ ሒሳብም አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የበከለ ያጽዳ የሚል ነው። የሊማሊሞ ጅረቶች ወርደው ከተከዜ ይገባሉ፤ ከላይ ያለው የሰሜን ተራሮች ፓርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ውስጥ የቆየ ነው። የፈሰሰ ናፍጣ አፈር ዝቆ የማውጣት ወጪ በተራ የመኪና ፖሊሲ ውስጥ ይገኛል ብሎ መጠበቅ አይገባም። አንባቢ የራሱን ውል ገልጦ «ብክለት» የሚለው ቃል የተጻፈው ከሚሸፈነው ነው ወይስ ከማይሸፈነው ዝርዝር ውስጥ ነው ብሎ ይፈልግ።

ኩባንያው የሚፈልገው ሰበብ

ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ካሳ ላለመክፈል ሰበብ ይፈልጋሉ የሚል ወቀሳ የቆየ ነው። 13 ኩባንያዎች ተወርሰው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሲቋቋምም ነበር፤ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 86 ለግል ባለሀብት በሩን ከፍቶ አዋሽ፣ አፍሪካ፣ ናይል፣ ንያላና ሌሎችም ከመጡ በኋላም አለ። በእኛ አስተያየት ግን በቦቴ ጉዳይ ሰበቡን አስቀድሞ አዘጋጅቶ የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ ባለንብረቱ ራሱ ነው።

አንደኛው የመንጃ ፈቃድ ነው። የደረቅ ጭነት ፈቃድ የፈሳሽ ጭነትን አይተካም። ሹፌር ታሞ፣ ማደያው ደርቆ፣ ስልክ ሲደወል «ትሬንታ የነዳ ቦቴ አያቅተውም» ተብሎ የሚላክ ሰው ልምዱ የቱንም ያህል ቢሆን በፖሊሲው ዓይን ፈቃድ የሌለው ሹፌር ነው። ልምድም ቢሆን አያዋጣም። ፈሳሽ እንደ ጤፍ ኩንታል አርፎ አይቀመጥም። ኩርባ ላይ ወደ ጎን፣ ፍሬን ሲያዝ ወደፊት ይማታል። ጎንደርና ዳባት ላይ ከፊሉን አራግፎ በየክፍሉ ግማሽ ግማሽ ይዞ ሊማሊሞን የሚወርድ ቦቴ ከሙሉው ይልቅ የሚገለበጥ ነው። አንዱን ክፍል ጨርሶ ባዶ ማድረግ፣ ሌላውን ሙሉ መተው ይገባል እንጂ ከሁሉም እየቀነሱ መውረድ አደገኛ ነው።

ሌላው ፍሬን ነው። አደጋ በደረሰ ቁጥር የሚሰጠው ቃል ያው ነው፤ ፍሬን እምቢ አለኝ። ገማቹ ግን ታምቡሩን ከፍቶ ያያል። ሸራው አልቆ ከሆነ፣ ወይም የተሳቢው የአየር ቱቦ በላስቲክ ታስሮ ከተገኘ ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መልቀቅማ እንኳን ሊማሊሞ ላይ ከአምባ ጊዮርጊስ በታችም የሚደረግ አይደለም። በፎሌ የወረደ መኪና ክብደቱን ሁሉ በፍሬን ሸራ ላይ ይጥላል፤ ሸራው ሲግል መያዙን ይተዋል። ደንቡ በሚወጡበት ማርሽ መውረድ፣ የሞተር ፍሬን መጠቀም፣ ደባርቅ ላይ ቆሞ ፍሬኑን አብርዶና አይቶ መነሳት ነው። የዚህ ማቆሚያ ወጪ ግማሽ ሰዓትና ሻይ ነው።

ከቦቴ ውጪ የሚሄደው ነዳጅ የባሰ ነው። ማደያ ወደሌላቸው የሰሜን ገጠር ከተሞች ቤንዚን የሚሄደው በበርሜልና በጀሪካን፣ በአይሱዙ ጀርባ ላይ፣ ከገብስ፣ ከፀረ ተባይ መድኃኒትና ከተሳፋሪ ጋር ነው። ለደረቅ ጭነት የተመደነ አይሱዙ ቤንዚን ጭኖ ቢቃጠል ባለቤቱ ለኩባንያው ያላሳወቀውን አደጋ ተሸክሞ ነው የተገኘው። ከመኪናውም፣ ከገብሱም፣ ከሰዎቹም የሚከፈል ነገር ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ጦርነቱንም መርሳት አይቻልም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ውጊያው ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በሰኔ ወር መጨረሻ በእምባ ማድሬ አጠገብ የነበረው የተከዜ ድልድይ ፈርሶ የሽሬ መንገድ ተቆርጧል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። ጦርነት፣ የእርስ በርስ ጦርነትና አመፅ በተራ ፖሊሲ ውስጥ ከማይሸፈኑት መደዳ ናቸው። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ዋስትና የሚባል ተጨማሪ ውል ገበያው ላይ አለ፤ ዋጋው የሚተመነው በመንገዱ ነውና የሰሜን መንገድ ተጓዥ ከሌላው ይበልጥ ይከፍላል። የአገር ውስጥ ኩባንያ እንዲህ ያለውን አደጋ ብቻውን አይዝም፤ ከፊሉን ለጠለፋ ዋስትና ሰጪ ያስተላልፋል። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ጠለፋ መድን ኩባንያ ከመጣ ወዲህ ከዚህ ድርሻ ጥቂቱ አገር ቤት መቅረት ጀምሯል፤ ትልቁ አደጋ ግን አሁንም የሚተመነው በውጭ ገበያ ነው፤ በዶላር።

ለመሆኑ በቂ ዋስትና መግባት ምን ያህል ያስወጣል? ለምሳሌ ያህል ብቻ እናስላ። አንድ ባለንብረት የሦስተኛ ወገን ጣሪያውን ከሕጉ በላይ ለማሳደግና ብክለትን ለማስገባት በዓመት 60 ሺህ ብር ተጨማሪ ዓረቦን ተጠየቀ እንበል። ቦቴው በዓመት 30 ጊዜ 40 ሺህ ሊትር ቢያመላልስ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ሊትር ነው። በሊትር 5 ሳንቲም ደረሰ ማለት ነው። የደባርቅ ገዢ 5 ሳንቲም ጨምር ቢባል የሚጮህ አይመስለንም። ባለንብረቱ ግን ታሪፉን የሚተምነው እርሱ ስላልሆነ 5 ሳንቲሟን ከማንም ላይ ሊያነሳ አይችልም። ታሪፍ ሲከለስ በባለንብረቶች ማኅበራት በኩል በብዛት የሚነሳው የጎማ፣ የመለዋወጫና የቅባት ዋጋ ነው። የዓረቦን ደረሰኝ ከእነዚያ ጋር ተያይዞ ይቅረብ ቢባል የሚከለክል ሕግ የለም፤ የሰኔ የፖሊሲ ዕድሳት ደግሞ ከማንኛውም ክለሳ በፊት ይደርሳል።